ራምብለር ሻጩ አገረ ገዥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ግብር ስጽፍ የጆርጅ ሮምኒን ስም በአንድ መስመር በአድናቆት ጠቅሼ አልፌ ነበር፤ የመኪና ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረ፣ በኋላ የሚሺጋን አገረ ገዥ የሆነ ሰው ብዬ። ያቺ መስመር ያመጣችው ደብዳቤ ግን ስለ ግብሩ ከመጣው በዛ። አራቱን መርጫለሁ። ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ስንገናኝ ጨዋታችን አንድ ነው፤ “ነጋዴ ቢያስተዳድር ኖሮ ይሄ ሁሉ ብክነት አይኖርም ነበር” እንላለን። ለመሆኑ እርስዎ የጠቀሱት ሮምኒ ግዛቱን እንደ ድርጅት ነው ያስተዳደረው? ነጋዴ ወደዚያ ወንበር ሲሄድ ምን ይዞ ይሄዳል? ት.ወ.

መልስ፦ ወንድሜ ት.ወ.፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርህ። እንደ ድርጅት አላስተዳደረም፤ ቢፈልግም አይችልም ነበር። የመጀመሪያው በጀቱ፣ የ1963ቱ፣ 550 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለ1968 ያቀረበው ደግሞ 1.3 ቢሊዮን ነው። ወጪ የሚቆርጥ፣ መሥሪያ ቤት የሚዘጋ ነጋዴ እየጠበቅክ ከሆነ ይህ ሰው ያንተ ሰው አይደለም። ነገር ግን 85 ሚሊዮን ዶላር ጉድለት ተረክቦ፣ ካዝናው ውስጥ ትርፍ አስቀምጦ የወጣውም እሱው ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሄዱ ነው ነገሩ። ዕድሜዬን ከሒሳብ መዝገብ ጋር የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ ከቁጥር ብጀምር አትቀየመኝ።

መጀመሪያ ነገር ሮምኒ አንተ በምታውቀው መልኩ ነጋዴ አልነበረም። ሱቅ አልከፈተም፣ መኪና አልፈለሰፈም፣ መሐንዲስም አይደለም። በ1907 የተወለደው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ከአሜሪካ ተሻግረው በሰፈሩ የሞርሞን (አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ ቤተ ክርስቲያን) ተከታይ ቤተሰቦች መንደር ነው። በ1912 የሜክሲኮ አብዮት ሲበረታ ቤተሰቡ ያለውን ጥሎ ሸሸ፤ ልጁ አምስት ዓመቱ ነበር። አባቱ ግንበኛ ነበሩ፤ አንዱ ቦታ ሲከስሩ ወደ ሌላው እየተነሱ አይዳሆ ላይ ድንችም አምርተዋል። ልጅየው የተለያዩ ኮሌጆች ገብቶ ከአንዱም ሳይመረቅ ዋሽንግተን ወረደና ለአንድ ሴናተር ጸሐፊ ሆነ። ከዚያ የአልኮዋ አሉሚኒየም ኩባንያ ቀጠረውና የምክር ቤት አባላትን ደጅ ሲጠና ዓመታት አሳለፈ። በ1939 ወደ ዲትሮይት የሄደውም የመኪና አምራቾች ማኅበር ቀጥሮት ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ በሰላሙ ቀን እርስ በርስ የሚበላሉትን ኩባንያዎች ለጦር መሣሪያ ምርት የሚያስተባብረውን ምክር ቤት መራ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለታሪኩ ውበት አይደለም። የሰውየው ሙያ ምን እንደነበር እንድታይ ነው፤ ማሳመን ነበር። ሌላ ሙያ አልነበረውም።

በ1948 ናሽ ኬልቪኔተር ገባ። ከስሙ እንደምትገምተው መኪናም ማቀዝቀዣም የሚሠራ ድርጅት ነው። ያስገባው ኃላፊው ጆርጅ ሜሰን፣ ትናንሾቹ ኩባንያዎች ካልተጋቡ ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር ይውጧቸዋል የሚል እምነት ነበረው። በ1954 ናሽና ሃድሰን ተዋህደው አሜሪካን ሞተርስ ሆኑ። ወራት ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት፣ ሜሰን ሞተ። ሮምኒ በ47 ዓመቱ ተተካ። የተረከበው ድርጅት የሚደማ ድርጅት ነበር፤ በ1956 ብቻ የደረሰበት ኪሳራ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል።

እዚህ ላይ ያደረገው ነገር ድፍረት ይጠይቃል። ናሽና ሃድሰን የሚሉትን፣ ሰው በአባቱ ዘመን የሚያውቃቸውን ስሞች ቀበራቸውና ያለውን ሁሉ ራምብለር በምትባል ትንሽ መኪና ላይ አስያዘ። ዲትሮይት በዚያን ጊዜ ክንፍ የሚመስል ጅራት የተቀጠለበት፣ ክሮም የተለበጠ፣ መንገድ የሚሞላ መኪና ነበር የምታመርተው። ሮምኒ እነዚያን ቤንዚን የሚውጡ ዳይኖሰሮች እያለ አገር ለአገር ዞሮ ተናገረ። የቡድን ግብዣ ይሁን የሴቶች ማኅበር ስብሰባ፣ የተጠራበት ሁሉ ይሄዳል። (ዲትሮይት ሳለሁ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ የሒሳብ ሠራተኛ አባቱ ራምብለር ነበራቸው። የፊት ወንበሩ ወደ ኋላ ተዘርግቶ አልጋ ስለሚሆን፣ ሴት ልጅ ያላቸው ጎረቤቶች መኪናዋ ደጃፍ ስትቆም ፊታቸው ይጠቁር ነበር እያለ ያስቀኝ ነበር።) የራሱንና የኃላፊዎቹን ደሞዝ እስከ 35 በመቶ ቆረጠ። በዚህ መሀል ሉዊስ ዎልፍሰን የሚባል፣ ድርጅት እየገዛ በመበታተን ስሙ የገነነ ባለገንዘብ የአክሲዮኑን ትልቅ ድርሻ ሰበሰበ። ሮምኒ ቁጭ ብሎ እያናገረ እንዲታገሥ አደረገው።

በ1958 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ የሌሎቹ ሽያጭ ወደቀ፤ የእሱ ድርጅት 26 ሚሊዮን ዶላር አተረፈ። በቀጣዩ ዓመት 60 ሚሊዮን። 7 ዶላር አካባቢ የነበረው አክሲዮን ሲወጣ ሲወጣ 90 ደረሰ። በ1961 ደግሞ ከመኪና ሠራተኞች ማኅበሩ መሪ ከዎልተር ሩተር ጋር ተስማምቶ ሠራተኛው ከትርፉ እንዲካፈል ውል ፈረመ። ትልልቆቹ አሠሪዎች ይህን እንደ ክህደት ነው ያዩት። ለራሱ የተፈቀደለትን ጉርሻ ደግሞ “ለአንድ ዓመት ሥራ ይህ ከበቂ በላይ ነው” በሚል ስሜት ደጋግሞ መልሷል።

አሁን ወዳንተ ጥያቄ። ጓደኞችህ ነጋዴ ቢገዛ ሲሉ በሐሳባቸው የሚያዩት ከፋብሪካው በር ወጥቶ በቀጥታ ቤተ መንግሥት የሚገባ ሰው ነው። ሮምኒ እንዲህ አልገባም። እኔ ከዚህ ሰው ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር የምለው፣ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች በአንድ አንቀጽ የሚያልፉትን ከ1959 እስከ 1962 ያለውን ጊዜ ነው።

በ1959 ሚሺጋን ገንዘብ አለቀባት። ሀብት ጠፍቶ አይደለም፤ የዓለም መኪና የሚሠራባት ግዛት ናት። አገረ ገዥው ዴሞክራት፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የሪፐብሊካን፤ በምን ዓይነት ግብር ላይ መስማማት አቅቷቸው ካዝናው ባዶ ሆነና በግንቦት ወር የግዛቱ ሠራተኞች ደሞዛቸውን በቀኑ ሳያገኙ ቀሩ። ሮምኒ ያኔ ፓርቲ አልመሠረተም፤ ለሥልጣንም አልተወዳደረም። ከሁለቱም ወገን ሰው የሚሰበስብ የዜጎች ማኅበር አቋቁሞ “የሚሺጋን በሽታ ምንድን ነው?” እያለ ማስጠናት ጀመረ። ጥናቱ የደረሰበት መደምደሚያ ሕገ መንግሥቱ ማርጀቱን ነው። ማኅበሩ ፊርማ አሰባስቦ፣ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ፣ በጥቅምት 1961 144 ተወካዮች የተቀመጡበት ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ በግዛቱ ዋና ከተማ ላንሲንግ ላይ ተከፈተ። ሮምኒ ተመርጦ ገባ፤ ከጉባኤው ምክትል ሊቃነ መናብርት አንዱም ሆነ።

አስበው እንግዲህ። በአንድ ቃል ፋብሪካ የሚያስቆም ሰው፣ ከገበሬዎች፣ ከጠበቆች፣ ከሠራተኛ ማኅበር ሰዎች ጋር ስለ አንድ ሐረግ ቀኑን ሙሉ ይከራከራል፤ እጁን ሲያወጣ የሚቆጠርለት አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ነጋዴ ጓደኞችህ ይህን ትምህርት ቤት ይዘሉታል። ጉባኤው የጻፈው ሰነድ የግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ከ20 እንዳይበልጡ ደንግጓል፤ የአገረ ገዥውን የሥራ ዘመን ከሁለት ወደ አራት ዓመት አሳድጓል። ሕዝቡ በሚያዝያ 1963 ያጸደቀው በጭንቅ ነው፤ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ከተሰጠው ድምፅ ልዩነቱ 10 ሺህ እንኳን አይሞላም። ከዚያ በኋላ ተበታትነው የኖሩ ከመቶ በላይ መሥሪያ ቤቶች በ19 ተጠቃለሉ። ብክነት ስትል ከነበረ፣ ብክነት የተቆረጠው እዚህ ነው። በአለቃ ትእዛዝ አይደለም፤ በድምፅ ብልጫ ነው።

በየካቲት 1962 ለመወዳደር ሲያስብ 24 ሰዓት ጾሞ ጸለየና እወዳደራለሁ አለ። ይህን አንዳንዱ የአሜሪካ ጋዜጠኛ ሊቀልድበት ሞክሮ ነበር። አንተና እኔ ጾም ለምን እንደሆነ ስለምናውቅ እናልፈዋለን። በምርጫው ሪፐብሊካን የሚለውን ቃል እምብዛም ሳያነሳ፣ በጊዜው በወንበሩ ላይ የነበረውን ጆን ስዌንሰንን ወደ 80 ሺህ በሚሆን ድምፅ አሸነፈ። ለ14 ዓመት ያንን ወንበር ዴሞክራቶች ይዘውት ነበር።

ታዲያ ገባ። ሐሙስ ጠዋት በሩን ከፍቶ ማንኛውም የግዛቱ ሰው መጥቶ አምስት ደቂቃ እንዲያናግረው አደረገ፤ ሻጭ ደንበኛውን መስማት ለምዶበታል። ዋናው ፈተና ግን ግብሩ ነበር። ሚሺጋን የገቢ ግብር አልነበራትም። ገንዘቧ የሚመጣው ከሽያጭ ግብርና ከድርጅቶች ከሚሰበሰብ የተበጣጠሰ ክፍያ ነው፤ መኪና ሲሸጥ ይሞላል፣ ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ሮምኒ በ1963 መጸው ልዩ ስብሰባ ጠርቶ የገቢ ግብርን ያካተተ የማሻሻያ ጥቅል አቀረበ። አጥንቶታል፣ ቁጥሩ በእጁ ነው፣ ትክክል መሆኑንም ያምናል። ምክር ቤቱ ጣለበት። ዴሞክራቶቹ እምቢ አሉ፤ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ተከፈሉ። በኩባንያው ቢሆን ከቦርዱ ጋር ከሰዓት በኋላ ተነጋግሮ የሚጨርሰው ጉዳይ ነበር። እዚህ አራት ዓመት ፈጀ። በመሀል ሁለት ጊዜ ተመረጠ፤ የምክር ቤቱ ወንበር ተገላበጠ፤ ሰው አናገረ፣ ቃል ለወጠ፣ ተደራደረ። በ1967 አጋማሽ ሕጉ ወጣ፤ ግለሰብ 2.6 በመቶ፣ ድርጅት 5.6 በመቶ፣ የገንዘብ ተቋማት 7 በመቶ።

የነጋዴው አገረ ገዥ ሐውልት የገቢ ግብር ነው ማለት ነው። ጓደኞችህ ይህን ሲሰሙ ቡናቸው እንዳያንቃቸው። ገንዘቡ ለትምህርት፣ ለከተሞችና ለወረዳዎች ድጎማ፣ ለችግረኛም ዋለ። ጉድለቱ የተሞላው ወጪ በመቁረጥ ሳይሆን ገቢውን በማስተካከል ነው። ይህ ደግሞ የሒሳብ ሰው የሚገባው ነገር ነው፤ መዝገብ ሁለት ገጽ አለው፣ ነጋዴ ሁሉ ግን መንግሥት ሲያይ የወጪውን ገጽ ብቻ ያነባል።

ይዞ የሄደው ምን ነበር ብለህ ከጠየቅከኝ፦ ማሳመንን፣ እና ከራሱ ኪስ መጀመርን። ትቶ የሄደው ማባረርን ነው። የምክር ቤት አባል አይባረርም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስለ ሮምኒ የጻፉት ውዳሴ አስገርሞኛል። ዲትሮይት በ1967 ስትነድ አገረ ገዥው እሱ አልነበረም ወይ? ለጥቁሮቹ ምን አደረገ? እ.ኃ.

መልስ፦ እህቴ፣ እሱ ነበር። ግን ከእሳቱ በፊት ያለውን አብረን ካላየን ፍርዱ ይዛባል።

አዲሱ ሕገ መንግሥት የሲቪል መብቶች ኮሚሽንን በራሱ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አቋቋመ፤ ከአሜሪካ ግዛቶች ይህን ያደረገች ሌላ አልነበረችም። በሰኔ 1963 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ዲትሮይት ላይ ታላቁን ሰልፍ ሲመሩ ሮምኒ አልተገኘም። ምክንያቱን ስትሰሚ ትስቂ ይሆናል፤ ዕለቱ እሑድ ነበር። እሑድ የእግዚአብሔር ነው ብሎ ፖለቲካ አይነካም ነበር። ዕለቱ በመላው ግዛቱ የነጻነት ሰልፍ ቀን እንዲባል አውጆ ተወካዮች ላከ። በሳምንቱ ቅዳሜ ግን ግሮስ ፖይንት በምትባለው፣ ጥቁር ቤት እንዳይገዛ በር በተዘጋባት የሀብታም ነጮች ሰፈር በተደረገው ሰልፍ ላይ ሳይጠበቅ ብቅ ብሎ ከፊት ተሰልፏል። ሰፈሯ የመራጮቹ፣ የለጋሾቹም ሰፈር ናት። በ1964 የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ትልቅ መሪ ይህን ነገር ተው የሚል ደብዳቤ ጻፈለት፤ ያች ቤተ ክርስቲያን ያኔ ጥቁሮችን ለክህነት አትቀበልም ነበር። አልተወም። በዚያው ዓመት ፓርቲው የሲቪል መብት ሕጉን የተቃወመውን ባሪ ጎልድዎተርን ለፕሬዚዳንትነት ሲያጭ ድጋፉን ነፈገ። ጎልድዎተር ሚሺጋን ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆነ ድምፅ ሲሸነፍ ሮምኒ በዚያው የምርጫ ወረቀት ላይ አሸነፈ። በ1965 አላባማ ውስጥ ሰልማ ላይ በጥቁሮች መብት ሰልፈኞች ላይ በተፈጸመው ድብደባ ማግስት 10 ሺህ ያህል ሰው ይዞ ዲትሮይት ላይ ተሰለፈ።

ይህ ሁሉ ቤት አልሠራም፣ ፖሊስ አልለወጠም። ሐምሌ 23 ቀን 1967 ንጋት ላይ ፖሊስ 12ኛ ጎዳና ላይ ያለ ፈቃድ የሚሠራ መጠጥ ቤት ሰብሮ ገባ፤ ሕዝቡ ተነሳ። አምስት ቀን ሳይሞላ 43 ሰው ሞተ፤ ከእነሱ 33ቱ ጥቁሮች ናቸው። ከ7 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። ሮምኒ የላከው የግዛቱ ብሔራዊ ዘብ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ያልሠለጠነ፣ ከሞላ ጎደል ነጭ ብቻ የሆነ ሠራዊት ነበር፤ በየጨለማው ወደ መስኮት ተኩሷል። የአገረ ገዥነቱ ጥቁር ገጽ ይህ ነው።

በዚያች ሌሊት የተፈጠረ አንድ ነገር ግን ነጋዴነቱን ያሳያል። የፌዴራል ጦር እንዲገባ ሲጠይቅ ከዋይት ሐውስ በኩል ነገሩን አመጽ ብሎ በግልጽ እንዲያውጅና ከቁጥጥሬ ውጭ ነው እንዲል ፈለጉ። ሮምኒ አመጽ የሚለውን ለማወጅ አመነታ። አመጽ ከታወጀ የመድን ድርጅቶች ለተቃጠለው ሱቅና ቤት ካሳ አንከፍልም ሊሉ ይችላሉ ብሎ ሠጋ። የሠጋው ከንቱ ሥጋት አይደለም፤ የመድን ውል ያነበበ ሰው ያውቀዋል። ግን ሰዓት እየነጎደ ነው፣ ሰው እየሞተ ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰንም ሊቀናቀናቸው ለሚችል ሰው አልተቻኮሉለትም፤ በመጨረሻ ጦሩ ሲገባ በቴሌቪዥን ቀርበው አገረ ገዥው ሥርዓት ማስከበር እንዳቃተው ደጋግመው ተናገሩ። እኔ ሁለቱንም አልምርም። ለካሳው መጨነቁ የሚገባኝ ቢሆንም፣ በዚያች ሌሊት የንብረቱ ጉዳይ ለነገ ይደር ነበር።

ከዚያ በኋላ 17 ከተሞች ዞሮ ጥቁር ሰፈሮችን አየ፤ ተመልሶም ቤት ለሁሉም እኩል እንዲሸጥና እንዲከራይ የሚያስገድድ ሕግ በ1968 አስወጣ። በኒክሰን መንግሥት የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስትር ሲሆንም ይህንኑ ሙግት ይዞ ገባና፣ የነጮቹን የከተማ ዳር ሰፈሮች በር ላስከፍት ሲል ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተቃቅሮ በ1973 መጀመሪያ ወጣ። ውዳሴ ያልሽው ይህን ከሆነ፣ አዎ፣ አወድሰዋለሁ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ሰው ለምን ፕሬዚዳንት አልሆነም? ደግሞስ በ2012 የተወዳደረው ሮምኒ እሱ ነው ወይ? አንባቢ

መልስ፦ የ2012ቱ ልጁ ሚት ነው። ሚትም በንግድ፣ በኢንቨስትመንት ድርጅት ነው የከበረው፤ ከዚያ ከ2003 እስከ 2007 የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ሆነ። አባትና ልጅ ስለሆኑ ሰው ያምታታቸዋል። አንዱ ልዩነታቸው የሒሳብ ሰው ዓይን ስለማያልፈው ልጥቀሰው። አባትየው በ1967 ለፕሬዚዳንትነት ሲነሳ የአንድ ዓመት የግብር ሰነድህን አሳይ ቢሉት አንድ ዓመትማ ለታይታ ሊሠራ ይችላል ብሎ የ12 ዓመቱን አውጥቶ ሰጠ። ልጅየው ያሳየው የሁለት ዓመት ነው።

ለምን አልተሳካለትም ላልከው፣ አፉ ነው። ያ መኪና የሸጠ አፍ። ነሐሴ 31 ቀን 1967 ዲትሮይት ውስጥ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ፣ በ1965 ቬትናም በሄደ ጊዜ ለምን ጦርነቱን እንደደገፈና አሁን ለምን እንደሚቃወም ተጠየቀ። ጄኔራሎቹና ዲፕሎማቶቹ አእምሮዬን አጥበውኝ ነበር የሚል ዓይነት መልስ ሰጠ። በፍሬ ነገሩ ስህተት አልተናገረም፤ ባለሥልጣናቱ ያን ጊዜ ለጎብኚ የሚነግሩት ነገርና እውነቱ እንደሚለያዩ በኋላ ዓለም ሁሉ አውቆታል። ነገር ግን መራጭ አእምሮው የሚታጠብ ሰው ጦር እንዲያዝለት አይፈልግም። ከዚያ በኋላ ተነስቶ መቆም አቃተው። ኅዳር ላይ መወዳደሩን አውጆ በየካቲት 28 ቀን 1968፣ የመጀመሪያው የኒው ሃምፕሻየር ምርጫ እንኳን ሳይደርስ ተወው።

ገበያ ላይ አንድ ቀን የተሳሳተ ነገር ብትናገር በማግስቱ ሌላ ደንበኛ ይመጣል። ፖለቲካ ውስጥ ያቺኑ ቃል ሕይወትህን ሙሉ ይዘህ ትዞራለህ። ሮምኒ ሐሳቡን እየተናገረ የሚያስብ ዓይነት ሰው ነበር፤ ጋዜጠኞች ወደዱትም፣ ጨረሱትም።

ጥያቄ፦ እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው። ራምብለር የሚባል መኪና አይቼ አላውቅም። ሰውየው ፖለቲካ ከገባ በኋላ ኩባንያው ምን ሆነ? ጌ.

መልስ፦ አለማየትህ አይገርምም፤ በአሜሪካ ገበያ ራምብለር የሚለው ስም የቆመው በ1969 ነው። ሮምኒ ሲወጣ የተተካው ሰው፣ ሮይ አበርናቲ፣ ከትልልቆቹ ጋር በትልልቅ መኪና ልፎካከር አለ። ሮምኒ ዳይኖሰር ሲል የኖረውን ማለት ነው። የሽያጩ መስመር ቁልቁል ሄደ። በ1970 ኩባንያው የጂፕን ፋብሪካ ገዛ፤ ከዚያ የፈረንሳዩ ሬኖ ገባበት፤ በ1987 ክራይስለር ጠቅልሎ ገዛው።

ስለዚህ ጋራዥህ ገብቶ የሚያውቅ ጂፕ ካለ የዚያ ቤት ዝምድና ያለው መኪና ነክተሃል። የራምብለር መለዋወጫ የት ይገኛል ብለህ ከሆነ ግን እኔን አትጠይቅ፤ ት.ወ.ን ጠይቀው።